ካንሰርን በስልክ መከታተል፦ ወረርሽኙ ያስለመደው ሕክምና

በርቀት የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና ሲባል ኬሞቴራፒው (ኬሞው) ወይም የጨረር ሕክምናው በስልክ ይሰጣል ማለት አይደለም። አንድ የካንሰር ታካሚ ሆስፒታል ከሚመላለስባቸው ቀኖች ብዙዎቹ መድኃኒት የሚወስድባቸው አይደሉም። የምርመራ ውጤት የሚሰማባቸው፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደያዘው የሚጠየቅባቸው፣ ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰንባቸው፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም በሽታው ተመልሶ እንደሆነ የሚታይባቸው ቀጠሮዎች ናቸው። በርቀት የሚሰጠው ሕክምና ይህን የንግግርና የክትትል ክፍል በስልክ ወይም በቪዲዮ ጥሪ ይተካዋል።

ዘዴው ከኮቪድ 19 በፊትም ነበር። እንደ ካናዳና አውስትራሊያ ያሉ ሰፋፊ አገሮች ራቅ ባለ አካባቢ የሚኖረውን ታካሚ ከከተማ ስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ ሲያገናኙ ቆይተዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ታካሚው መሣሪያው ወዳለበት የአካባቢው ክሊኒክ መሄድ ነበረበት። በአሜሪካም የአረጋውያን የሕክምና መድን የሆነው ሜዲኬር ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት የሚከፍለው በአመዛኙ ታካሚው የገጠር ነዋሪ ሲሆንና ጥሪውን ከጤና ተቋም ሆኖ ሲቀበል ነበር። ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ በእጅ ስልኩ ከካንሰር ሐኪሙ ጋር መነጋገሩ የተለመደ ነገር አልነበረም።

በ2020 ይህ ተለወጠ። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ በአውሮፓውያኑ ማርች 11፣ ኮቪድ 19ን ወረርሽኝ ብሎ ሲያውጅ የካንሰር ሐኪሞች በሁለት ስጋቶች መካከል ገቡ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከቻይና የወጣ ጥናት 1,590 የኮቪድ ሕሙማንን መርምሮ ካንሰር ያለባቸው ወይም የነበረባቸው 18 ሰዎች ማግኘቱን አስታውቆ ነበር። ከእነዚህ 39 በመቶው ለጽኑ ሕመም ወይም ለሞት ሲዳረጉ፣ ካንሰር ከሌለባቸው ግን ለዚህ የተዳረጉት 8 በመቶው ነበሩ። 18 ሰው ትንሽ ቁጥር ቢሆንም ማስጠንቀቂያው ከባድ ነበር። ኬሞቴራፒ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚቀንስ፣ ታካሚውን ሰው ወደሚጨናነቅበት መጠበቂያ ክፍል መጥራት ራሱ አደጋ ሆነ። ሕክምናውን ማቆየትም ሌላ አደጋ ነበረው። በዚያው ዓመት የወጣና በካናዳ የኦንታሪዮው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሰፊ ጥናት፣ የካንሰር ቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት ዕድል ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል።

መፍትሔው ቀጠሮዎችን መለየት ሆነ። እጅና መሣሪያ የሚጠይቀው ሆስፒታል ውስጥ ቀጠለ፤ ንግግር ብቻ የሚጠይቀው ወደ ቤት ሄደ። የግድ የሆነው ምልልስም እንዲቀንስ ተደረገ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፔምብሮሊዙማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ መሰጠቱ ቀርቶ መጠኑ እጥፍ ሆኖ በየስድስት ሳምንቱ እንዲሰጥ በኤፕሪል 2020 ፈቀደ። በዚያው ወር በብሪታንያ የወጣ የጡት ካንሰር ጥናት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ በ15 ጊዜ ይሰጥ የነበረውን ጨረር በአንድ ሳምንት ውስጥ በ5 ጊዜ መስጠት እንደሚቻል አሳየ።

ከ100 አንድ ከማይሞላው ወደ 68

በደንብ ከተመዘገቡት ተሞክሮዎች አንዱ የቶሮንቶው ፕሪንሰስ ማርጋሬት የካንሰር ማእከል ነው። በካናዳ ከሁሉም የሚበልጠው የካንሰር ሆስፒታል ይኸው ሲሆን የሚገኝበት የኦንታሪዮ ግዛት ስፋት ከኢትዮጵያ ብዙም አያንስም፤ ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የግዛቱ መንግሥት በማርች 2020 ሐኪሞች ለስልክና ለቪዲዮ ቀጠሮ ክፍያ የሚጠይቁበትን ጊዜያዊ አሠራር ዘረጋ። ማእከሉም የራሱን የርቀት ሕክምና ሥርዓት አዘጋጅቶ በማርች 23፣ ማለትም ወረርሽኙ በታወጀ በ12ኛው ቀን ሥራ ጀመረ።

ከዚያ በፊት በርቀት የሚካሄደው ቀጠሮ ከጠቅላላው 0.8 በመቶ ብቻ ነበር። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት በአማካይ ወደ 68.4 በመቶ ወጣ፤ 22,085 ቀጠሮዎች፣ በቀን 514 ገደማ ማለት ነው። ኬሞና ጨረር የሚወስዱት ሰዎች ቁጥር በየሳምንቱ ከ1,943 እስከ 2,461 ባለው መጠን ሳይዋዥቅ ቀጠለ። ማእከሉና ግዛቱ የሕክምናን ጥራት የሚለኩባቸው መመዘኛዎችም አልተለወጡም። ሥርዓቱን ለመዘርጋት የወጣው ቀጥተኛ ወጪ 202,537 የካናዳ ዶላር ሲሆን፣ ታካሚዎች ባለመጓዛቸው ያተረፉት 3,155,946 ዶላር ሆኖ ተሰልቷል። ይህ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ሲካፈል 143 ዶላር ያህል ይደርሳል። አስተያየታቸውን ከሰጡት ታካሚዎች 82 በመቶው፣ ከባለሙያዎቹ ደግሞ 72 በመቶው በአገልግሎቱ መርካታቸውን ተናግረዋል።

በሁለቱ የእርካታ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። የርቀት ቀጠሮ ጉዞን አስቀረ እንጂ ሥራን አላስቀረም። ሆስፒታሉ ውስጥ ማንም ልብ ሳይለው ይከናወን የነበረው ሥራ ለታካሚው፣ ለአስታማሚውና ለባለሙያው ተከፋፈለ።

ቀጠሮው እንዴት ይካሄዳል

የተለመደውን የክትትል ቀጠሮ ማየት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ታካሚው ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቤቱ አጠገብ ባለ ላብራቶሪ ደም ይሰጣል፤ ውጤቱ በኮምፒውተር ለሐኪሙ ይደርሳል። ሆስፒታል ቢሆን ነርስ የምትመዝነውንና የምትለካውን አሁን ራሱ ይመዝናል፣ ትኩሳቱን ይለካል፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ብልቃጥ ፊቱ ደርድሮ ይጠብቃል። የሚሰማውን የሚገልጽበትን መጠይቅ ይሞላል። በወረርሽኙ ጊዜ በኦንታሪዮ ይሠራበት የነበረው መጠይቅ በኤድመንተን ከተማ የተዘጋጀና ዘጠኝ ነገሮችን፣ ከእነዚህም ሕመምን፣ ድካምን፣ ማቅለሽለሽን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ጭንቀትን፣ ከ0 እስከ 10 ባለ ቁጥር የሚመዝን ነበር። ከወረርሽኙ በፊት ታካሚው ሆስፒታል ሲደርስ በማያ ገጽ ላይ እየነካ ይሞላው ነበር።

መጠይቁ ለወግ ያህል የሚሞላ አይደለም። በኒውዮርክ 766 ሰዎችን ያሳተፈና በ2017 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ የተስፋፋ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች የሚሰማቸውን በኢንተርኔት አዘውትረው ሲያሳውቁ በመካከለኛ ግምት 31.2 ወር፣ በተለመደው መንገድ የተከታተሉት ደግሞ 26 ወር መኖራቸውን አሳይቷል። ትኩሳቱ ወይም ተቅማጡ ሳይብስ ነርስ ስለምትሰማ፣ ሕመሙ ቶሎ ይያዛል።

የቪዲዮው ምርመራ የራሱ ብልሃት አለው። ሐኪሙ እግሩ ያበጠበትን ታካሚ ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ጥቂት እንዲቆይ ይነግረዋል፤ ጣቱ ሲነሣ ጎድጓዳ ምልክት ከቀረ ውሃ አቁሯል ማለት ነው። የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ ወደ መስኮት ብርሃን አዙሮ እንዲያሳይ፣ ክንዱን ከራሱ በላይ እንዲያነሣ፣ ተነሥቶ እስከ በሩ ሄዶ እንዲመለስ ይጠይቀዋል። የመጨረሻው በተለይ ትልቅ ቦታ አለው። የካንሰር ሐኪሞች የታካሚውን አቅም ከ0 ጀምሮ በሚቆጠር ደረጃ ይመዝናሉ፤ ራሱን ችሎ እንደ ወትሮው የሚሠራው 0፣ ከአልጋ የማይነሣው 4 ነው። ኬሞ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ውሳኔ በዚህ ደረጃ ላይ ይመሠረታል። በአካል በሚመጣ ታካሚ ላይ ሐኪሙ ይህን ሳይጠይቅ ያነበዋል፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለው አረማመድ፣ ሲቀመጥ የሚይዘው ድጋፍ፣ ልብሱ ምን ያህል እንደሰፋው ይነግረዋል። በስልክ ግን “ደኅና ነኝ” የሚለውን ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሐኪሙን ላለማስቸገር ወይም ሕክምናው እንዳይቋረጥበት ፈርቶ ደኅና ነኝ የሚል ታካሚ ደግሞ ብዙ ነው።

የብብት ንፍፊትን ወይም የሆድ እብጠትን መዳበስ በማያ ገጽ አይቻልም። ኬሞ የሚወስድ ሰው ትኩሳት 38.3 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም 38 ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ በኦንታሪዮ ያለው መመሪያ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ነው። የስልክ ጥሪ ያንን መንገድ ሊያሳይ እንጂ ሊተካው አይችልም።

ታካሚዎች ያገኙትና ያጡት

በተለያዩ አገሮች የተጠየቁ ታካሚዎች ቅድሚያ የሚያነሡት ድካም መቅረቱን ነው። ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ንግግር ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን ይሄድ ነበር። የነዳጅ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ከሥራ የመቅረት፣ ልጅ የሚይዝ ሰው የመፈለግ ወጪ ነበረበት። ኬሞ ያዳከመው ሰው መኪና ውስጥ እያቅለሸለሸው መጓዙ ቀረለት። በሽታ ይይዘኛል የሚለው ስጋትም ቀለለ።

ሁለተኛው ጥቅም ቤተሰብን ይመለከታል። በወረርሽኙ ወራት ሆስፒታሎች አስታማሚ አብሮ እንዳይገባ ስለከለከሉ፣ በአካል የሄደ ታካሚ የሚሰማውን ሁሉ ብቻውን ይሰማ ነበር። በቪዲዮ ግን ሌላ ከተማ የምትኖር ልጅ ጥሪው ውስጥ ገብታ ማስታወሻ መያዝ ትችላለች። ነገር ግን ይህ ጥቅም ሁኔታውን ተከትሎ የመጣ እንጂ የቪዲዮው ጠባይ አይደለም። በአሜሪካ 22 የካንሰር ማእከሎች በተካሄደና በ2024 ውጤቱ በወጣ ጥናት፣ የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 1,250 ታካሚዎች የማስታገሻ ሕክምና በአካል ወይም በቪዲዮ እንዲያገኙ በዕጣ ተመደቡ። የኑሯቸው ጥራት በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ሆነ። አስታማሚ በቀጠሮው የተገኘው ግን በአካል ለሚሄዱት 49.7፣ በቪዲዮ ለሚታዩት 36.6 በመቶ ነበር። ሆስፒታል የሚወስደውና የሚደግፈው ሰው ሳያስፈልግ ሲቀር፣ አብሮ የሚያዳምጠውም ሰው አብሮ ይቀራል።

የታጣው ነገር በአብዛኛው የማይለካ ነው። መጠበቂያ ክፍል አሰልቺ ቢሆንም ተመሳሳይ ሕመም ያላቸው ሰዎች የሚተዋወቁበት፣ ፀጉሯ ተመልሶ ያደገላትን አይቶ ተስፋ የሚደረግበት ቦታ ነበር። ቤት የቀረው ታካሚ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ይጠብቃል። ሐኪሙ ከዘገየ የረሳው ይመስለዋል፤ ሆስፒታል ቢሆን ወረፋውን ስለሚያይ ምክንያቱን ያውቀው ነበር። በተጨናነቀ ቤት የሚኖር ሰው ልጆቹ እንዳይሰሙበት መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይነጋገራል። ውጤት በኢንተርኔት በሚታይበት አሠራር ደግሞ ታካሚው የሲቲ ስካኑን ጽሑፍ ሐኪሙ ሳይደውልለት ሊያነበው ይችላል። በአሜሪካ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ተቋማት የጤና መረጃን ከታካሚው እንዳያዘገዩ ስለሚያዝ፣ ይህ ይበልጥ የሚያጋጥም ነገር ሆኗል።

መርዶ የሚመስል ዜና በስልክ

ታካሚዎችም ባለሙያዎችም ለርቀት ሕክምና አይመችም የሚሉት ከባድ ዜና የሚነገርበትን ቀጠሮ ነው። ይህ ዜና እንዴት እንደሚነገር በዓለም ዙሪያ የሚማሩበትን ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ በ2000 ካዘጋጁት ሐኪሞች አንዱ ሮበርት በክማን ሲሆኑ፣ በዚያው በፕሪንሰስ ማርጋሬትም ሠርተዋል። የመመሪያው የመጀመሪያ ደረጃ ቦታውን ማዘጋጀት ነው፦ የሚዘጋ ክፍል፣ ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ታካሚው የሚፈልገው ዘመድ አጠገቡ መኖሩ፣ ስልክ የማይጮኽበት ጊዜ። በርቀት ቀጠሮ ሐኪሙ ከእነዚህ አንዱንም በእጁ አያደርግም። ታካሚው ገበያ ውስጥ ይሁን መሪ ጨብጦ፣ ብቻውን ይሁን ከልጁ ጋር፣ ሳይጠየቅ አይታወቅም። ዝምታም ትርጉሙ ይለወጣል። ፊት ለፊት ሲሆን ዝምታ የማልቀሻና የማሰላሰያ ጊዜ ነው፤ በስልክ ግን መስመሩ የተቋረጠ ያስመስላል፤ ሐኪሙም ሊሞላው ይቸኩላል።

ከዚህ ተሞክሮ ጥቂት ልማዶች ወጥተዋል። ጥሪው ሲጀመር ታካሚው የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደሆነና ለመነጋገር አመቺ ጊዜ መሆኑን መጠየቅ፤ ከባድ ውጤት ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ከታወቀ በአካል መምጣት ይፈልግ እንደሆነ ማስመረጥ፤ ዜናው ከተነገረ በኋላ ነርስ በማግሥቱ እንድትደውል ማድረግ።

የባለሙያዎቹ ሥራ እንዴት ተለወጠ

ለሐኪሞችና ለነርሶች የርቀት ሕክምና ትልቁ ጥቅም ሥራው አለመቋረጡ ነበር። ለቫይረሱ ተጋልጦ ቤቱ የተቀመጠ ሐኪም እንኳ ታካሚዎቹን መከታተል ይችል ነበር። ቀዶ ሐኪም፣ የጨረር ሐኪም፣ የኬሞ ሐኪምና ናሙና የሚመረምር ፓቶሎጂስት ተሰብስበው ስለ አንድ ታካሚ የሚመክሩበት ጉባኤ በቪዲዮ መካሄዱ ደግሞ ከሁሉም የተወደደ ለውጥ ሆነ፤ በሩቅ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ሳይጓዝ ጉዳዩን ሊያቀርብ ቻለ።

ሸክሙ ግን የታየው ትናንሽ በሚመስሉ ነገሮች ነው። የቀጠሮ ሠራተኞች የታካሚውን ስልክ ቁጥር ማረጋገጥ፣ ሊንክ መላክ፣ ካሜራውና ድምፁ እንዴት እንደሚከፈት ማስረዳት ሥራቸው ሆነ። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲደውል ቁጥሩ ስለማይታይ ብዙ ታካሚ አያነሣም፤ ተደጋግሞ ይደወላል፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘገያል። ቀድሞ ታካሚው ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ወደ ነርሷ፣ ከነርሷ ወደ ፋርማሲ ራሱ ይሄድ ነበር፤ አሁን ያንን መቀባበል በመልእክትና በስልክ የሚያደርጉት ባለሙያዎቹ ናቸው። ትኩሳትና ሳል የኬሞ ጣጣ ይሁን የኮቪድ ምልክት መለየት በስልክ መስመር ላይ ላሉት ነርሶች ቀላል አልነበረም። ለተለማማጅ ሐኪሞችም መማር ከበዳቸው፤ ገላ መዳበስን ከመምህር እጅ እንጂ ከስልክ ጥሪ አይማሩትም።

የስሜት ድካምም አለበት። ከባድ ዜና ተናግሮ ኮምፒውተሩን የሚዘጋ ሐኪም ኮሪደሩ ላይ የሚያወራው የሥራ ባልደረባ አያገኝም፤ ወዲያው ሌላ ጥሪ ይጠብቀዋል። ከባለሙያዎቹ የረኩት ከታካሚዎቹ ያነሱት ለምን እንደሆነ እነዚህ ነገሮች በከፊል ይናገራሉ።

የሚያስቀራቸው ሰዎች

የርቀት ሕክምና ለሁሉም እኩል አልተመቸም። አረጋውያን፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና ፈጣን ኢንተርኔት የማይደርሳቸው ሰዎች ከቪዲዮ ይልቅ ተራ ስልክ ይጠቀማሉ። ሜዲኬር በኤፕሪል 2020 መጨረሻ ለድምፅ ብቻ ጥሪ የሚከፍለውን ከፍ ያደረገው ብዙ አረጋውያን ቪዲዮ መጠቀም እንዳልቻሉ ስለታየ ነው። በኦንታሪዮ ደግሞ በዲሴምበር 2022 ለቪዲዮ ቀጠሮ እንደ አካል ቀጠሮ ሙሉ፣ ለስልክ ግን 85 በመቶው መከፈል ጀመረ። የክፍያው መጠን ሐኪሙ የትኛውን እንደሚያስቀድም ሊወስን ስለሚችል፣ ነገሩ ቪዲዮ የማይችለውን ታካሚ ይነካል።

ቋንቋ ሌላው እንቅፋት ነው። ከቶሮንቶ ነዋሪዎች ግማሽ የሚጠጉት ከካናዳ ውጭ የተወለዱ ናቸው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በመካከላቸው አሉ። አስተርጓሚ ሦስተኛ ሰው ሆኖ በሚገባበት የስልክ ጥሪ ጊዜው ይረዝማል፤ የፊት ገጽታ ስለማይታይ ታካሚው ይረዳ አይረዳ ማወቅ ይከብዳል። ልጅ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ሲያስተረጉም ደግሞ ክፉውን ዜና አለስልሶ ወይም ዘሎ ሊያልፈው ይችላል።

የርቀት ቀጠሮ የቆመው በቅርብ ባለ አገልግሎት ላይ ነው። ታካሚው ቤቱ አጠገብ ደም የሚሰጥበት ላብራቶሪ፣ ስካን የሚነሣበት ሆስፒታልና መድኃኒት የሚያገኝበት ፋርማሲ ከሌለው ጥሪው ወሬ ብቻ ይሆናል። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከክልል የሚመጣ ታካሚ ምን ያህል እንደሚንገላታ ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ከሕክምና በኋላ ያለውን ክትትል በስልክ ማድረግ ከዚህ ጉዞ የተወሰነውን ሊያስቀር ይችላል፤ ለዚህ ግን ላኪው የክልል ሆስፒታል ምርመራውን ሠርቶ ውጤቱን መላክ የሚችል መሆን አለበት።

ከሁሉም በላይ በርቀት ሊሠራ ያልቻለው በሽታውን ማግኘት ነው። የጡት ራጅ፣ የአንጀት ምርመራና ናሙና መውሰድ አካልን ይፈልጋሉ። በእንግሊዝ በ2020 የተሠራ ግምት፣ ምርመራ በመዘግየቱ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በአንጀት ካንሰር የሚሞቱት ከ15.3 እስከ 16.6፣ በጡት ካንሰር ደግሞ ከ7.9 እስከ 9.6 በመቶ እንደሚጨምሩ አስልቷል። ቀድሞ የታወቀው ታካሚ በስልክ ሲከታተል፣ ገና ያልታወቀው ሰው ግን ከሥርዓቱ ውጭ ቀረ።

ከወረርሽኙ በኋላ የቀረው

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን አስቸኳይ ሁኔታ በሜይ 2023 ሲያበቃ በርቀት የሚሰጠው የካንሰር ሕክምና አልተቋረጠም፤ ቦታውን ግን ለየ። በሽታው ተረጋግቶ ክኒን የሚወስድ ሰው የሚያደርገው ክትትል፣ ጥሩ ውጤት መንገር፣ የሥነ ልቦናና የምግብ ምክር፣ የማስታገሻ ሕክምና ክትትል፣ የዘር ውርስ ምርመራ ምክር በስልክ ወይም በቪዲዮ በደንብ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ትውውቅ፣ አዲስ ሕመም ወይም አዲስ እብጠት፣ ሕክምና የሚለወጥበት ውሳኔና ከባድ ዜና ግን በአካል ቢሆኑ ይመረጣል። በመካከል ላሉት ቀጠሮዎች ሁሉ የሚሠራ አንድ ደንብ የለም። ለአንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር መጓዝ የሚያስጨንቀውን ያህል ለሌላው ሐኪሙን ሳያይ መዋል ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ምርጫው ለታካሚው ሊቀርብ ይገባል፤ ምርጫ የሚሆነውም ስልክ የመረጠው ሰው ሲያስፈልገው በአካል መታየት እንደሚችል እርግጠኛ ሲሆን፣ ለባለሙያውም የጥሪው ሥራ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ጊዜና ሠራተኛ ሲመደብለት ነው።